ማኅፀን ከወጣ በኋላ የሰውነት ክብደትን ስለ መቆጣጠር፦ የንስሐ አባትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

(በጎንደር ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ርእስ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። የማኅፀን ሕመም በእናቶቻችን ዘንድ ለባል እንኳ የማይገለጥ፣ ለእኅት በሹክሹክታ የሚነገር ምሥጢር ሆኖ ኖሯል። ከቤተሰብ ቀጥሎ ይህን ምሥጢር የሚሰማው የንስሐ አባት ነው። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት እናት ከወራት በኋላ ሰውነቷ እየከበደ፣ ወገቧ እየሰፋ፣ ልብሷ አልበቃት እያለ ሲመጣ፣ ወደ ሐኪሟ ከመመለሷ በፊት ንስሐ አባቷን ትጠይቃለች፦ «አባቴ፣ ጾሙን ላጥብቀው? ያዘዙልኝን ሆርሞን ልተወው? ስግደት ልጨምርበት?» ትላለች። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ እናቲቱን ሊጠቅማትም ሊጎዳትም ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው። ከማኅፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ውፍረት የሚቀንሰው መድኃኒትን በመተውና ራስን በማስራብ አይደለም፤ በጾሙም በፍስኩም ወራት በመጠን በመመገብ፣ በመራመድና ጡንቻን በመጠበቅ ነው። ይህንኑ ምክር ግን ከደጋው ወርዳ ታክማ ለተመለሰችው ለከሳችው እናት ብንሰጣት እንጎዳታለን። ሁለቱን እናቶች ለይቶ ማወቅ የምክራችን መጀመሪያ ነው።

ሁለት እናቶች፣ አንድ ቀዶ ሕክምና

በደጋው፣ ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ጃናሞራና በየዳ ባለው አገር፣ ሴቶችን ለማኅፀን ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ የማኅፀን ወደ ታች መውረድና ወደ ውጭ መውጣት ነው። በዳባት ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘው የተገኙትን ነገሮች ዘርዝሯል። በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ሸክም መሸከም፣ የተራዘመ ምጥ፣ በደጋማ ገጠር መኖር የሚሉት ናቸው። እኛ ይህን በየዕለቱ እናየዋለን። ሃያ ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ እናቶቻችን ያን በጀርባቸው አዝለው ከምንጭ እስከ ቤት ዳገት ይወጣሉ። በዚያ ላይ እንጨቱ፣ እህሉ፣ የታዘለው ሕፃን አለ። በወለደች በጥቂት ቀን ወደ ሸክም የተመለሰች ሴት ማኅፀንን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ሳይጠነክሩ ይዝላሉ።

በጎንደር ከተማ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክንያት ሌላ ነው፦ ማዮማ የሚባለው የማኅፀን ዕጢ፣ ለወራት የማይቆም የደም መፍሰስ፣ አንዳንዴም የማኅፀን ወይም የማኅፀን በር ካንሰር። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የከተማይቱንም የደጋውንም እናቶች ይቀበላል። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተኝተው የሚታከሙት ሁለት እናቶች ግን ወደተለያየ ኑሮ ይመለሳሉ። አንዷ ወደ ሸክምና ወደ ገብስ እንጀራ፣ ሌላዪቱ ወደ ሱቅ፣ ወደ ቢሮና ወደ ባጃጅ ትመለሳለች። የመጀመሪያዋ እንዳትከሳ፣ ሁለተኛዋ እንዳትወፍር መጠበቅ አለባቸው።

ከሁለቱ ወገን ማንኛዋ እንደሆነች በዓይን ብቻ መገመት አይገባም። ሚዛንና ሜትር አለ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአምሳ አምስት የሆነ ሴት ክብደቷ ከ44 ኪሎ በታች ከሆነ ከሚገባት በታች ከስታለች፤ ከ60 ኪሎ በላይ ከሆነ ደግሞ ክብደቷ ከሚገባው አልፏል። የወገብ ዙሪያ ልክም ይነግረናል፤ በሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ሥጋት ይጨምራል፤ ከ88 ሲያልፍ እጅግ ይጨምራል።

«ሆርሞን» ሲባል የትኛው?

በዚህ ቃል ላይ ብዙ መደናገር ስላለ ጥቂት ልቆይበት። በአገራችን ሰዎች «ሆርሞን እወስዳለሁ» ሲሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶችን ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

አንደኛው የእርግዝና መከላከያው ነው። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት መጨመሩ የታወቀ ነው። ማኅፀኗ የወጣላት ሴት ይህን መርፌ ለእርግዝና መከላከያነት አትፈልገውም። ሁለተኛው እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ለወጣላት ወይም የታይሮይድ ዕጢዋ ለደከመባት ሴት የሚሰጠው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። እንቅርት በደጋው አገር የምናውቀው ሕመም ስለሆነ ይህን መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች በየአጥቢያው ይኖራሉ። የታይሮይድ መድከም ራሱ ሰውነትን ያከብዳል፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት የወፈረችና ብርድ ብርድ የሚላት ሴት ይህንንም ልትመረመር ይገባል።

ሦስተኛው የዛሬው ርእሳችን ነው። ሐኪሙ ማኅፀንን ሲያወጣ ኦቫሪ የሚባሉትን ሁለቱን የእንቁላል ማመንጫ ዕጢዎች ሊተዋቸው ወይም አብሮ ሊያወጣቸው ይችላል። ከተተዉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ሴቲቱ ወር አበባ ባታይም ሆርሞኗ አልተቋረጠም። ሁለቱም ከወጡ ግን ሌላዋ ሴት በዓመታት ቀስ ብላ የምትደርስበት ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣል። ወበቅ፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የስሜት መለዋወጥ ይከተላል፤ ውሎ አድሮም አጥንት ይሳሳል። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ኤስትሮጅን ሲሆን፣ በሚዋጥ ክኒን ወይም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መልክ ይገኛል። ማኅፀኗ ያልወጣ ሴት ከኤስትሮጅን ጋር ፕሮጄስትሮን መውሰድ ይኖርባታል፤ ማኅፀኗ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ግን ብዙ ጊዜ ኤስትሮጅን ብቻ ይበቃታል። ገና በወጣትነቷ ኦቫሪዎቿ የወጡባት ሴት፣ የሚከለክላት ሌላ ሕመም ከሌለ፣ ማረጥ በተፈጥሮ እስከሚመጣበት እስከ 50 ዓመት ገደማ እንድትወስደው ሐኪሞች ይመክራሉ።

ይህ መድኃኒት ለሁሉም አይሰጥም። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ያገኛት፣ ጉበቷ የታመመ ሴት አትወስደውም። በአሜሪካ ማኅፀናቸው የወጣ 10,739 ሴቶች የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ኤስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የስትሮክን አደጋ እንደሚጨምር፣ የዳሌ አጥንት ስብራትን ደግሞ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ የሚወስነው ሐኪም ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን መድኃኒት ለጎረቤት ማካፈል፣ ወይም የእኅትን ክኒን መዋስ ደግነት ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው።

ውፍረቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ እናቶች «ያወፈረኝ ክኒኑ ነው» ይላሉ። በዚህ ነገር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ የማረጥ ሆርሞን ሕክምና በራሱ ሰውነትን እንደሚያወፍር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዳንድ ሴቶች ውኃ ይቋጥራሉ፤ ጡታቸው ይወጠራል፣ ሆዳቸው ይነፋል። ይህ ስብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ካልተወም ሐኪሙ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ይለውጣል።

እውነተኛው ምክንያት ብዙ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የዕረፍት ሳምንታት ጡንቻን ያቀልላሉ፤ ጡንቻ ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለው ምግብ ያንሳል። የኤስትሮጅን መቀነስ ስብ ከዳሌና ከጭን ይልቅ በሆድ ላይ እንዲከማች ያደርጋል። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው፤ ማኅፀኗ ያልወጣ ሴት እንኳ በመካከለኛ ዕድሜዋ በዓመት ግማሽ ኪሎ ያህል መጨመሯ የተለመደ ነው። እንቅልፍ ያጣች ሴት ይበልጥ ትራባለች። የእኛም ባህል ይጨመርበታል፤ ከሆስፒታል የወጣችን ሴት እንደ አራስ አድርገን በገንፎ፣ በቅቤ፣ በአጥሚት እንቀልባለን። ለከሳችውና ብዙ ደም ለፈሰሳት ይህ መድኃኒት ነው። ለሰባ አምስት ኪሎዋ ግን ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ ሦስት ወር ከቀጠለ የውፍረቷ መነሻ ይሆናል።

እንግዲህ ለመክሳት ብላ ኤስትሮጅኗን የምታቋርጥ እናት የምታገኘው ምንድን ነው? ወበቁና እንቅልፍ ማጣቱ ይመለስባታል፤ አጥንቷ ይሳሳል፤ ክብደቷ ግን አይወርድም። ለመጀመሪያው ጥያቄዋ የንስሐ አባት መልስ፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱን ያዘዘልሽን ሐኪም ሳትጠይቂ አታቋርጪ» የሚል ይሁን።

ጾሙና ፍስኩ

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጾም ነው። ጾም የነፍስ መድኃኒት መሆኑን ለእናንተ ማስተማር የእኔ ድርሻ አይደለም። በሥጋ በኩል ግን አንድ ነገር ላመልክት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብ አሉ። በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚከለከል ሰው እንዴት ይወፍራል? መልሱ በምግቡ መጠንና በዘይቱ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ የቆየች እናት ስትፈታ አንድ ሙሉ እንጀራ ደርባ፣ በዘይት የራሰ ሽሮና ድንች በልታ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሦስት ጊዜ ጠጥታ ወዲያው ብትተኛ፣ የቀኑ ጾም ክብደቷን አይቀንስላትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 240 ካሎሪ ያህል ከስኳሩ ብቻ ያገኛል፤ ይህን ለማቃጠል አንድ ሰዓት ያህል መራመድ ያስፈልጋል።

የጾም ምግባችን ግን በአግባቡ ከተያዘ ክብደት ለመቀነስ የተመቸ ነው። በሳህኑ ላይ ግማሹ ጎመን፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ፣ ሩቡ እንጀራ ይሁን። ጥራጥሬው ጡንቻ እንዳይቀልጥ ይጠብቃል፤ ሆድንም ለረጅም ሰዓት ያጠግባል። የደጋው ገብስ ከነገለባው ሲፈጭ ለዚህ የተመረጠ ነው። ተልባና ሰሊጥ በልክ ሲሆኑ ጠቃሚ ናቸው፤ ሰሊጥ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ካልሲየምም ይሰጣል። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን በእፍኝ እንጂ በሰፌድ አይቀመሱም።

ክብደት የሚጨምረው በአብዛኛው በፍስኩ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ሰርጉም፣ ዝክሩም፣ ማኅበሩም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። በሃምሳው ቀን ያልተጠነቀቀች እናት በዐቢይ ጾም የቀነሰችውን ሁሉ ትመልሳለች። በፍስኩ ወራት ከጎርጎራ የሚመጣው የጣና ዓሣ፣ እንቁላልና ያልበዛ ወተት ለጡንቻና ለአጥንት ይጠቅማሉ፤ ቅቤው፣ ጮማው፣ ጠላውና ጠጁ ግን በልክ ይሁኑ። አረቄን ብትተወው መልካም ነው።

መቀነስ የሚገባት እናት በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ብትቀንስ ይበቃታል። ሰማንያ ኪሎ የምትመዝን ሴት በስድስት ወር ውስጥ ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ብትቀንስ የደም ግፊቷም ስኳሯም ሲሻሻል ታየዋለች። ሦስት ቀን ውኃ ብቻ ጠጥቶ መዋል፣ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት መጠጣት፣ በየሱቁ የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ መግዛት ሰውነትን የሚያደርቅ እንጂ ስብ የሚቀንስ አይደለም።

መድኃኒቱና ጾሙ የሚጋጩ ለሚመስላቸውም መልስ አለ። ኤስትሮጅን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ከሆነ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዛውረው ይችላል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከሆነ ደግሞ በአፍ የሚገባ ነገር የለም። በምትቆርብበት ቀን የክኒኑ ሰዓት ለጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ችግር እንደሌለው ሐኪሟን ጠይቃ መረዳት ትችላለች። የስኳርና የሌላ ጽኑ ሕመም መድኃኒት ግን እንደዚህ አይደለም፤ ሰዓቱን ማዛወር አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 የጾምን ሥርዓት ሲደነግግ ለሕሙማን የሚደረገውን ርኅራኄ እንዳልዘነጋ አባቶች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ጠበልም ቢሆን መድኃኒትን አያስቀርም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ያ ትምህርት ለዚህም ይሠራል።

ሸክም፣ ስግደትና እግር

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ስግደት ነው። ማኅፀን በወጣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከአራትና ከአምስት ኪሎ በላይ ማንሣት አይፈቀድም። ማኅፀኗ ወርዶ ለነበረችው ደግሞ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ያዛሉ፤ ምክንያቱም የተሰፋው ጅማት ከላላ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት በሕማማት እንደምናደርገው ወድቆ መነሣት ለቁስሉ አይመችም። ቀኖናዋ በጸሎት፣ በምጽዋት፣ ቆሞ ወይም ተቀምጦ በማስቀደስ እንዲለወጥላት የንስሐ አባት ቢፈቅድ እናቲቱ ሳትሳቀቅ ትድናለች። ከዚያ በኋላ ስግደቷን በሐኪሟ ፈቃድ ቀስ እያለች ትጀምራለች።

መራመድ ግን ከሆስፒታል አልጋ ጀምሮ የተፈቀደ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይቻላል። ጎንደር የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት፤ በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለኪዳን በባጃጅ የምትሄደው እናት በእግሯ ብትሄድ፣ ስትመለስም በራቀው መንገድ ብትዞር፣ የሐኪሟን ትእዛዝ ፈጸመች ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት ጡንቻን ይመልሳል። ሽንትን ለመያዝ እንደሚደረገው የዳሌን ወለል ጡንቻ አጥብቆ እስከ አምስት መቁጠርና መልቀቅ፣ ይህንም በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ጊዜ መደጋገም ማንም ሳያያት የምትሠራው ልምምድ ነው።

ክብደትን መቀነስ ለሌላም ችግር ይረዳል። በአሜሪካ ክብደታቸው የበዛና ሽንት የሚያመልጣቸው 338 ሴቶች የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ነበር። በስድስት ወር ከክብደታቸው 8 በመቶ ያህል የቀነሱት ሴቶች ሽንት የሚያመልጣቸው ጊዜ በ47 በመቶ ቀነሰ፤ ትምህርት ብቻ በተሰጣቸው በሌሎቹ ዘንድ ግን የቀነሰው በ28 በመቶ ነበር። ይህ ቁጥር ለእኛ ምን ይነግረናል? ሽንት የሚያመልጣት እናት ቅዳሴ አትቆምም፤ ከደጀ ሰላም ትቀራለች፤ ከሰው ትሸሻለች። ጥቂት ኪሎ መቀነስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊመልሳት ይችላል።

መክሳት የማይገባት እናት

አሁን ወደ ደጋዋ እናት ልመለስ። እርሷ ከስታ ታክማለች፤ ከስታም ተመልሳለች። ብዙ ደም የፈሰሳት ከሆነ ደም ማነስም አለባት። ጡንቻዋ ካልተመለሰ የተሰፋው ቦታ ድጋፍ አያገኝም። ለእርሷ የሚያስፈልገው እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ቅቤ ያለበት ገንፎና ከሸክም ዕረፍት ነው። ጾም ላይ ከደረሰች የንስሐ አባቷ ሁኔታዋን አይቶ እንዲያቀልላት እንለምናለን። ሳትጠይቅ ቢነግራት ይበልጥ መልካም ነው፤ የደጋ እናት መጠየቅን ታፍራለችና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማኅፀኗ በካንሰር ምክንያት የወጣ ሴት ሳትፈልግ መክሳት ከጀመረች «ጾሙ ነው፣ ድካሙ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሳይፈለግ የመጣ መክሳት ለምርመራ ይቀርባል።

በማናቸውም ሴት ላይ ደግሞ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፦ አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያምም፣ በድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንድ ጎን መዛል ሲመጣ፣ ማኅፀን ከወጣ በኋላ ደም ሲታይ፣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲኖር፣ በጥቂት ቀናት ሁለት ሦስት ኪሎ ጨምሮ ፊትና እግር ሲያብጥ። ኤስትሮጅን የምትወስድ ሴት በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ታስተውል። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ትሂድ።

የሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

ክቡራን፣ ከዚህ በላይ የተናገርሁት ሁሉ በአጥቢያ ካልተሠራበት በዚሁ አዳራሽ ይቀራል። የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

መጀመሪያ፣ የንስሐ አባቶች ስለ ክብደቷ ለምትጠይቃቸው እናት ሦስት ነገር ይጠይቋት፦ ኦቫሪዎችሽ ወጥተዋል ወይስ አሉ? የምትወስጂው መድኃኒት ምንድን ነው? ቀጠሮሽ መቼ ነው? መልሱን የማታውቅ ከሆነ የሆስፒታል ወረቀቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትሂድ። ምክር ከዚያ በኋላ ይሰጣታል።

ሁለተኛ፣ በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከቀዶ ሕክምና ለተመለሰች እናት ለሦስት ወር ውኃና እንጨት ያድርሱላት። ለአንዲት ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን ማድረስ ለአሥር ወጣቶች በአምስት ቀን አንድ ጊዜ የሚደርስ ተራ ነው። ይህ ብቻውን ዳግም ቀዶ ሕክምናን ሊያስቀር ይችላል። ባሎችም ይህን ሸክም ከሚስቶቻቸው ትከሻ እንዲያነሡ በስብከት ይነገራቸው።

ሦስተኛ፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ማዕድ ላይ ጎመንና ጥራጥሬ ይብዛ፤ ዘይቱ ይቀነስ፤ ከጠላው ጎን ንጹሕ ውኃ ይቅረብ። «አልበላሁም፣ በቃኝ» ያለችን እናት በማኅበሩ ስም አናስገድዳት። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ሆኖም የበቃትን እንዳጎረስናት መቁጠርም ፍቅር ነው።

አራተኛ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ሜትር በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ጤና ኬላ ይገኝ። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በማርያም ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ በሴት የጤና ባለሙያ አማካይነት የፈለገች ሁሉ ትመዘን። የማንም ስም በአደባባይ አይጠራ፤ የሕመሟ ዓይነትም ከአፍ አይውጣ።

አምስተኛ፣ መንገድ በሚዘጋበትና መድኃኒት በሚጠፋበት ጊዜ እናቶች እንዳይቸገሩ፣ ክኒናቸው ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስቡበት ይነገራቸው፤ ወደ ከተማ የሚወርድ የአጥቢያው ሰው ማዘዣቸውን ይዞ ይሂድላቸው።

በመጨረሻም ስለ ኀፍረት አንድ ቃል ልበል። ማኅፀኗ የወጣ ሴት «ሴትነቴ ቀረ» ብላ ታዝናለች፤ ስትወፍርም «ተሠርታ ትበላለች» ትባላለች፤ ስትከሳም «ክፉ በሽታ ይዟታል» ይባልባታል። ቅዱስ ወንጌል አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ከሕዝቡ መካከል ተደብቃ እንደመጣች፣ ጌታችን ግን በሁሉ ፊት ልጄ ብሎ እንዳከበራት ይነግረናል። ይህን ታሪክ በቅዳሴም በስብከትም ስታነቡት፣ ዛሬም በአዕማዱ ጥግ ቆማ የምትሰማ አንዲት እናት እንዳለች አስቡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው፤ እናቶቻችን ሕመማቸውን የሚገልጡት ግን የሚሰማ ጆሮና የማያፍርባቸው አጥቢያ ሲያገኙ ነው።

እግዚአብሔር እናቶቻችንን ይጠብቅልን፤ አገልግሎታችሁንም ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።